በተዝካሩ ቀን ያልዞረው ቁልፍ

ጨው ብረት ይበላል ይላሉ የመቀሌ ሰዎች። እውነት ነው፤ በጨው ከተማ የኖረ ሰው ምስማሩም ማጠፊያውም ድስቱም እንዴት እንደሚያልቅ ያውቃል። እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ጊዜ በእኔ ላይ የተሠራውን ሁሉ በጨው ሊያሳብቡ ነበርና። ምስኪን ጨው፣ አፍ የለው ይሟገት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ባሌና እኔ ከወሎ መጥተን መቀሌ ከከተምን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። ጣሊያኖቹ ጥለዋቸው ከሄዱት የጭነት መኪኖች አንዷን ባሌ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ ገዛ። ግማሹ የወንድሙ፣ ግማሹ የእኛ ነበር። የእኛ ስል እንዲያው ለአፌ አይደለም፤ በግማሻችን ውስጥ እናቴ የሰጠችኝ የአንገት ወርቅ አለበት። ከመቀሌ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ጨው ይጭናሉ፣ ኮረምንና አላማጣን አልፈው ወልድያ ያራግፋሉ፣ ማሽላ ይዘው ይመለሳሉ። ሁለቱም ይነዳሉ፤ የመኪናዋ ቁልፍ ግን አንድ ብቻ ስለነበረች ባሌ አንገቱ ላይ በክር አስሯት ይውል ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ባሌ ከራያ ቆላ ወባ ይዞ መጣ፤ ከተኛበት ሳይነሳ ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ልጅ የሌላትን የሟች ሚስት ዘመድ በምን ዓይን እንደሚያያት የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል ገባኝ። ያቺ ግማሽ መኪና ከተረፈችልኝ ድርሻዬን ሸጬ እዚያው መቀሌ የጨው ንግድ እጀምራለሁ፤ ካልተረፈችልኝ ባዶ እጄን አባቴ ቤት ተመልሼ የእንጀራ እናቴን እንስራ እሸከማለሁ። ሦስተኛ መንገድ አልነበረኝም።

መቀሌ የሚኖሩ የአገራችን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፍርዳቸው መጥፎ አልነበረም። መኪናዋ እስከ አርባው ተዝካር ድረስ ተቆልፋ ግቢዬ ውስጥ ትቁም፣ ማንም አይንካት፣ ቁልፏ እኔ ዘንድ ትሁን፣ በተዝካሩ ቀን በሰው ፊት ተከፍታ ትገመትና ድርሻ ድርሻችንን እንውሰድ አሉ። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱበት ብረት፣ ማነቬላ የሚሉት፣ ጋቢናው ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በሩ ካልተከፈተ መኪናዋ የትም አትሄድም። የወዲያኛው በር ድሮም መያዣው ተሰብሮ ባሌ ከውስጥ በብሎን ጠርንፎታል። እንግዲህ ሁሉም ነገር ያለው በዚያች ቁልፍ ላይ ነበር። እስከዚያው መኪናዋን በመስኮት እያየሁ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እል ነበር።

ዋርሳዬ፣ ያው የባሌ ወንድም፣ ፍርዱን አመስግኖ ተቀበለ። ደግ ሰው ይባል ነበር። በቀብሩ ሰሞን ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ቀርቦ፣ የወንድሜ ላብ ያለባት ናትና ቁልፏን ስጪኝ ልሳማት አለኝ። ሰጠሁት። ሳማት፣ ግንባሩ ላይ አስደገፋት፣ እያለቀሰ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ቆየት ብሎ መልሶ ሰጠኝ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡለት። እኔም አዘንኩለት። ቁልፏ ላይ ሰም ተጣብቆባት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይዞ ስለዋለ ነው ብዬ በቀሚሴ ጠረግኳት።

የተዝካሩ ቀን ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ መኪናዋ ወዳለችበት ወጡ፤ ካህኑም አብረው ወጡ። ቁልፏን የሾፌሩ በር እጀታ ውስጥ አስገባሁ። ግማሽ ድረስ ሄዳ ቀጥ አለች። ገፋሁ፣ ነቀነቅሁ፣ እምቢ። አንዲት ሴት፣ ሟቹ ራሱ ይዞባት ነው፣ እንድትወስድበት አልፈለገም ስትል ሰማኋት፤ ገና ከጠላዬ አፏን ሳትጠርግ። ዋርሳዬ ወደ ፊት ወጣ ብሎ፣ ጨው በልቶት ነው፣ በመሮ ፈልጠን እንጣለው እንጂ ይኸ ምን ያስጨንቃል አለ። መሮውም መዶሻውም እጁ ላይ ነበሩ። ተዝካር ሊበላ የመጣ ሰው መሮ ምን ይሠራለታል?

ይኸ ጥድፊያው ነው ያነቃኝ። አይሰበርም አልኩ። እጀታው ከተፈለጠ ስትገመት ዋጋዋ ይወርዳል፤ ሌላ እጀታ ደግሞ ከአስመራ ወዲህ አይገኝም፤ ሳይሰብር የሚያወጣ ሰው ይምጣ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ነገር ማብዛቴን አልወደዱትም፤ ግን እምቢ የሚሉበት ምክንያት አጡ።

የመጣው በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የሠራ የመቀሌ መካኒክ ነው። መጀመሪያ የወዲያኛውን በር ማጠፊያ ካስማዎች ከውጭ እየመታ አወጣና በሩን ፈልቅቆ ወደ ውስጥ ገባ። ዋርሳዬ ይህን ዘዴ ቢያውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከመ። መካኒኩ ከውስጥ የሾፌሩን በር ልባጥ ፈታ፣ እጀታውን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ነቀለ፤ እጀታው ከነመቆለፊያው እጁ ላይ መጣ። ቁልፍ የሚገባባት ጣት የምታህል የናስ ቱቦ እጀታው ውስጥ ተቀርቅራለች። ከኋላዋ የያዛትን ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ስቦ አወጣ፤ ላምባ አጠጥቷት ጠበቀ። አልወጣችም። ላምባውን ጠርጎ እጀታውን ከፍም አጠገብ ሞቅ አደረገው፣ እንደገና ላምባ አጠጣው፣ እንጨት ደግፎ በመዶሻ ቀስ እያለ መታው። ዋርሳዬ በላዩ ቆሞ፣ ፍለጠው እንጂ ሰው ቆሞ አይዋልልህም ይለዋል። መካኒኩ መምታቱን አላቋረጠም። በመጨረሻ ቱቦዋ ጥቂት በጥቂት ተንሸራታ ወጣች።

መዳፉ ላይ ዘቅዝቆ መታ መታ አደረጋት። ጨው አልወረደም። የወረደችው ጥፍር የምታህል ቢጫ ብረት ናት። አገላብጦ አያት፤ ከእኔ ቁልፍ ጋር አስተያያት፣ ጥርሷ ከጥርሷ ገጠመ። ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለእኔ ነው የሰጠኝ።

"ሓፍተይ፣ ይኸ ጨው ኣይደለም" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። "የጥይት ቀለህ ነው። ሰው ሞርዶ ቁልፊ ኣድርጎታል። ስስ ስለሆነ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ።"

ሰሙ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቁልፏን ስሞ ወደ ጓሮ የወጣው ሰም ላይ ሊያትማት ኖሯል። የወንድሙ መቃብር አፈር ሳይደርቅ፣ እኔ ጸጉሬን ተላጭቼ መደብ ላይ ተኝቼ፣ እሱ ደጄ ላይ በቀለህ ቁልፍ ይታገል ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ደስ አለኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እውነቱ ወጣ፣ ነገሩም አለቀ አልኩ በሆዴ።

አላለቀም። ዋርሳዬ አልካደም፣ አልማለም። ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። በአገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ነፍሰ ገዳይ ቢሆን እንኳ አይመልሱትም፤ እምቢ ያለ እሱ በዳይ ይሆናል። ዋርሳዬ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ታላቁ ሽማግሌ ይቅር በዪው አሉኝ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ። ዛሬ የባልሽ ተዝካር ነው፤ ነፍሱን አታስጨንቂ።"

"ይቅር ልበለው አባቴ። ድርሻዬስ?" አልኳቸው።

"ከታረቃችሁ ወዲያ ምን ድርሻ አለ? ወንድምሽ ነው። አንቺ መኪና አትነጂ። እሱ ይንዳ፣ እሱ ያብላሽ።"

ሰውዬው ባይሰርቅ ኖሮ ግማሹን ይወስድ ነበር። ስለሰረቀ ሙሉውን ወሰደ። ይህን የሚያህል ፍርድ ተሰጥቶ እዚያ ከቆመው ሰው አንድም አልገረመውም፤ እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ጥሩ አስታረቁ ተብለው ተመሰገኑ።

ያበላኝንም ልናገር። ሁለት ጊዜ ማሽላ ላከልኝ፤ ሁለተኛው ነቀዝ የጨረሰው ነበር። ከዚያ መንገዱን ወደ ደሴ አዞረና በዚያው ቀረ። እኔም አባቴ ቤት ገባሁ። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም፤ የማውቀው ሰው ሁሉ እኔን እያየ መሆኑን ብቻ ነው። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ያቺ ጠላዬን የጠጣች ሴት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ለእሱ። መካኒኩ አቀርቅሮ ዕቃውን ይሰበስባል።

"ይቅር ለእግዜር" አልኩ።

ደንቡ ድንጋዩን ይቅር ያለው ሰው በገዛ እጁ እንዲያወርድ ነውና ጎንበስ ብዬ ከጫንቃው ላይ አነሳሁለት። አልከበደኝም። ድንጋዩ ግን ይሞቃል፤ መዳፌንም አየሁት፣ ጥላሸት ሆኗል። ጓሮ ገብቶ የተዝካሩ ድስት ተጥዶበት ከዋለው ምድጃ የራሴን ጉልቻ ነቅሎ ነው ይዞብኝ የመጣው።