ደረጃውን ያጠበው መነኩሴ

ልጅ ሳለሁ የሰው ደረጃ በነፃ አጥቤ አውቃለሁ። የሚያውቁኝ አያምኑም፤ እስቲ እናንተ እመኑኝና ልያችሁ። እኔ ባልዲ ውስጥ እንቁራሪት ደብቄ እማዬን የማስጮህ እንጂ ባልዲ የማነሳ ልጅ አልነበርኩም።

ከደርግ ሸሽተን ያኔም እንደ ዛሬው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ፊት ለፊታችን ጋሽ ታፈሰ ብቻውን ይኖር ነበር። እማዬ «እርስዎ በይ» እያለች ትቆጣኛለች፤ እኔ ግን ስለምወደው «አንተ» ነበር የምለው። ሐሙስ ሐሙስ በባቡር ዴንሃግ ከተማ ይሄዳል። እዚያ ቴዎሶፊ የሚባል ነገር የሚያጠኑ ሆላንዶች ስለ ቡድሃ ያወራሉ። የሰማውን አርብ ሊመሽ ሲል ለኔ ይተርትልኛል፤ መብራቱን አጥፍቶ ሻማ ያበራል፣ የጋዝ ማሞቂያው ሰማያዊ እሳት በመስታወቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ምንጣፉ ላይ ጉልበቴን አቅፌ የሻማውን ጭስ እያሸተትኩ እሰማለሁ።

አንድ መነኩሴ ነበር አለኝ። ጎህ ሳይቀድ የመንደሩን እንስራ ሁሉ ሞልቶ ይሰወራል። አንዲት ልጅ ያዘችውና «ያመጣኸው አንተ ነህ?» ስትለው፣ «ውሃው መጣ» ብቻ ብሏት ሄደ።

«አየሽ ትርሲት፣ ‹እኔ› ያልሽ ቀን ደግነትሽ ያልቃል።»

የሕንፃችንን ደረጃ የምናጥበው በየሳምንቱ በተራ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ጉልበቱን ስለሚያመው ተራው ሲደርስ ይዘገያል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሲሄድ ተንኮል መጣልኝ። አጥቤለት ልሰወር፣ መንፈስ መጣ ብሎ ሲደነግጥ ተደብቄ ልስቅበት። ከላይ እስከ ታች በሳሙና ፈተግኩት፤ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ራሰ። ሳልሰወር ከተፍ አለ። ባልዲውን አየ፣ እጅጌዬን አየ፣ ፈገግ ብሎ ገባ። የሁለታችን ምስጢር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከእማዬ ጋር እሱ ቤት ተቀምጠን ሳለ የታችኛዋ ሆላንዳዊት አሮጊት የፖም ኬክ ጋግራ መጣች። ደረጃው እንዲህ ነጥቶ አያውቅም ብላ አመሰገነችው።

እማዬ ወደኔ ዞረች። «ይኸው እሳቸው በዚህ ጉልበታቸው ደረጃ ሲያጥቡ፣ አንቺ ስታውደለድዪ ዋልሽ። ምናለ ከሳቸው ብትማሪ?»

ገና አልከፋኝም። «ውሃው መጣ» እስኪል ነበር የምጠብቀው። ይቺን ቢል ዕድሜ ልኬን ባጠብኩለት።

ኬኩን ቆረሰና «ምን አላት፣ ትንሽ ደረጃ እኮ ናት» አለ።

«እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ‹እኔ› አትበይ ያለኝ ራሱ ነው። በገዛ ተረቱ አፌን ዘጋው። ኬኩን እንጂ እኔን አላየኝም። ቁራሽ አቀበለኝና «ብዪ እንጂ» አለኝ። አልበላሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» አልኳቸው። እማዬ ልጄ ጨዋ ሆነች ብላ ደስ አላት። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል፤ አርብ በራችንን ሲያንኳኩ «የቤት ሥራ አለብኝ» ስላቸው ቀስ ብለው ይመለሳሉ።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የሚያናድደኝ፣ መነኩሴውን ዛሬም እወደዋለሁ። የጋሽ ታፈሰ ጉልበት ብሶባቸዋል፣ ተራቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ስጨርስ ግን እርጥቡን ባልዲ በራቸው ላይ ትቼው እሄዳለሁ፤ ሲወጡ ያደናቅፋቸው።

ይሄን ተረት ለሌላም ንገሩልኝ። ስትነግሩ ታዲያ ውሃው መጣ እንዳትሉ። ትርሲት አመጣችው በሉ።