የእትዬ አስካለ ድሪቶ እና የሁለት ጾም ብስኩት

ባለፈው ሳምንት ማለዳ ወደ ገበያ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ ጉልበቱን ከቁርጥራጭ ጨርቅ በተሰፋ ብርድ ልብስ ሸፍኖ አየሁት። የጅጅጋ የታኅሣሥ ነፋስ ባጃጁን በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል።

"ማን ሰፋልህ?" አልኩት።

"እናቴ ናት። ሰው ይስቅብኛል፣ እኔን ግን ይሞቀኛል" አለኝ።

እስክንደርስ ድረስ ዓይኔን ከጨርቁ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ። ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ አማቴን ሳስብ ዋልኩ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ገናና ኢድ ተከታትለው የዋሉበት ዓመት ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ከድሬዳዋ ተድሬ ከመጣሁ ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው። ባለቤቴ ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ጊዜውን የሚጨርሰው ደወሌ ጉምሩክ ደጃፍ ተራ ሲጠብቅ ነው። እኔ ከእናቱ ከእትዬ አስካለ ጋር እቀራለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ብርድ አታውቅም። ወደ ጅጅጋ ስመጣ የካራማራን ተራራ ጨርሰን ሜዳው ፊታችን ሲዘረጋ አንዱ ተሳፋሪ የሚኒባሱን መስኮት ከፈተ፤ የዚያን ቀን ቅዝቃዜ ዛሬም ጥርሴ ላይ አለ።

እትዬ አስካለ ወታደር ባላቸው ሞቶባቸው ልጃቸውን በመርፌ ያሳደጉ፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። በየዓመቱ የገና ጾም ሲገባ ከልብስ ሰፊዎች ቤት ቁርጥራጭ ይለቅሙና ለችግረኛ የሚሰጥ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ከላይ ቁርጥራጩ፣ ከመሃል ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከሥር አቡጀዴ፤ ሦስቱ ተደርበው በእጅ መርፌ ይጠቀጠቃሉ። ሰፈሩ "የአስካለ ድሪቶ" ይለዋል። እሳቸውም በስሙ አይቀየሙም። የዚያን ዓመት ድርቁ ከብቶቻቸውን የጨረሰባቸው ቤተሰቦች ከከተማው ዳር በእንጨትና በላስቲክ ጎጆ ሠርተው ሰፍረው ነበር። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ዘንድሮ ድሪቶው ለእነሱ ነው።"

ጎረቤታችን ኸድራ ጨርቅ ትነግዳለች። ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን፣ ሳቋ ከግቢ ውጭ የሚሰማ። የዲራ ቀሚስ ትራፊ በፌስታል ሞልታ አመጣችና፣ "አባዮ፣ ብርድ ልብስ ብቻ ይሰጣል እንዴ? ልጅ ብስኩት ካልበላ ኢድ መሆኑን በምን ያውቃል?" አለችኝ። አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው። ብስኩት ደግሞ እኔ የማውቀው ሥራ ነበር፤ እናቴ ድሬዳዋ ቤቷ ውስጥ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ትሸጥ ነበር። ወደዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እኔ የማውቀው ነገር ሲፈለግ የመጀመሪያው ነው።

በኸድራ ግቢ ጀመርን። ዱቄት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ የተወቀጠ ሄል። ሊጡን ዳምጠን በብርጭቆ አፍ እንቆርጥና በትሪ አድርገን ብረት ድስት ውስጥ እናስገባለን፤ ከሥርም ከክዳኑ ላይም ፍም። ችግሩ ጣዕሙ ላይ ነው። ኸድራ የረመዳን ጾመኛ ናት፤ እኔ የነቢያትን ጾም ይዣለሁ፣ ቅቤና እንቁላል አልነካም። ሁለት ጋጋሪዎች ነን፣ ቀማሽ የለንም። የኸድራ ትንንሽ ሴት ልጆች በራፉ ላይ ይደረደራሉ፣ አንድ አንድ እንሰጣቸዋለን፣ ሁልጊዜም መልሳቸው "አልታወቀንም፣ ሌላ ስጡን" ነው። ኸድራ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በዚያ ቅዝቃዜ የሄሉ ሽታ ጾመኛን እንዴት እንደሚፈትን የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

ቤት ስገባ ግን ሳቄ ይጠፋል። ማታ ማታ እትዬ አስካለን በስፌት አግዛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ የሰፋሁት ተተርትሮ አገኘዋለሁ። እሳቸው ምንም አይሉም። ሲያናግሩኝም ፊቴን አያዩም፤ ዓይናቸው ትከሻዬን አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ልጃቸው ሳያማክራቸው እንዳገባኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሊጥ እየዳመጥኩ እንባዬ መጣ።

"ገና ይለፍና እናቴ ጋ እሄዳለሁ" አልኳት ለኸድራ።

"ለጥየቃ ነው?"

"አይደለም።"

ኸድራ መዳመጫውን ከእጄ ወሰደች። ሊጡን እየዳመጠች፣ "አባዮ፣ በዓል ሲደርስ እንዲህ ያለ ነገር አይወሰንም። ብስኩቱን እንጨርስ፣ ከዚያ ታስቢበታለሽ" አለችኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወንፊት ረስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ወደ ፀሐይ ዞረው ተቀምጠዋል። ክሩን በምራቃቸው ያረጥቡታል፣ ያሾሉታል፣ ወደ መርፌው ይሰዱታል፤ ክሩ ከመርፌው ጎን ያልፋል። እንደገና ይሞክራሉ። እንደገና ይስታሉ። በመጨረሻ መርፌውን ትተው አንድ ጨርቅ አነሱ። ጠዋት ራሳቸው በአረንጓዴ ክር ሲሰፉት አይቼ ነበር የወጣሁት። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ፣ ጠማማ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ ከዚያ በምላጭ ተረተሩት። የራሳቸውን ስፌት። እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ። አላዩኝም።

ለካ አያዩም። የእኔን ብቻ ለይተው አይተረትሩም ነበር፤ ጣታቸው ያልወደደውን ሁሉ ነው። መልኬንም ከመጣሁ ጀምሮ አይተውት አያውቁም። ቀስ ብዬ ከግቢው ወጣሁና ጫማዬን እያንኳኳሁ፣ እያሳልኩ እንደ አዲስ ገባሁ።

በማግስቱ ከእሳቸው ቀድሜ ተነስቼ ቤት ውስጥ ባለው መርፌ ሁሉ ክር አስገባሁና ትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ ሰካኋቸው። ምንም አላልኩም። ምሳ ሳይደርስ ክሩ ሁሉ አልቆ ነበር። ማታ እንደገና አስገባሁ። እንዲህ ሰንብተን አንድ ጠዋት ትራሷን እየዳሰሱ፣

"የምታስገቢው ክር አጭር ነው። ትንሽ አስረዝሚው" አሉኝ።

"እሺ እማማ።"

እማማ ብዬ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ነው። ከትራሷ አንድ መርፌ መዘዙና፣ "ለታደሰ እንዳትነግሪው" አሉ።

"ለምን?"

"ቁጭ በይ ይለኛላ! ሥራ ፈትቼ ቁጭ ብዬ አላውቅም።"

"አልነግረውም። ግን ከበዓሉ በኋላ ሐረር ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።"

ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "መጀመሪያ ድሪቶው ይለቅ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንዴት እንደሮጡ አላውቅም። ጨርቁን አንስተው "ይሄ ምን ቀለም ነው?" ይሉኛል፤ "ብርቱካን" ስላቸው "ከጥቁሩ አጠገብ አድርጊው" ይላሉ። ጠማማ ስፌቴን መተርተራቸውን ግን አልተዉም፤ አሁን እኔው ምላጩን አቀብላቸዋለሁ።

ገና ዋለ። ታደሰ ከደወሌ ደረሰ። ዶሮው ቀርቦ ሳለ እማማ ራሳቸው "ዓይኔ ደክሟል፣ ሚስትህ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች" አሉት፤ እሱ ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። በማግስቱ ኢድ ነበር። ድሪቶዎቹንና ብስኩቱን በአህያ ጋሪ ጭነን ከእማማና ከኸድራ ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ጾም የለም፣ ሁላችንም መቅመስ እንችላለን። ልጆቹ ብስኩቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ይበሉ ነበር፣ ቶሎ እንዳያልቅባቸው። አንዲት አሮጊት የደረሳቸውን ድሪቶ እየዳበሱ ኸድራን በሶማሊኛ አንድ ነገር አሏት።

"ምን አሉ?" አሉ እማማ።

"የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ እያሉ ነው።"

እማማ ክንዴን ያዙና ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ። "እሷ ናት በያቸው" አሉ።

ሐረር ስንሄድ ሐኪሞቹ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አሉን። ሐኪሙ ፋሻውን ያነሳ ቀን እማማ ብዙ ጊዜ ፊቴን ሲያዩ ቆዩ። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ለካ ፍንጭት ነሽ" አሉኝ። እኔም ከዚያ ሌላ አልፈለግሁም። ቤት ስንደርስ የተረፈ አንድ ድሪቶ አንስተው መስኮት ጋ ወስደው አገላበጡት፣ ስፌቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። "እንዲህ ያለውን ነው ለሰው የሰጠነው?" ብለው ጮኹ። ኸድራ ከግቢዋ ሰምታ እየሳቀች መጣች።

እማማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ዘንድሮ እኔም አማት ሆኛለሁ። ምራቴ ከሩቅ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ሳናግራት አንገቷን ትደፋለች፣ አንዳንዴም ቅር ይለኛል። ሰው አብሮት ስለሚኖረው ሰው በልቡ የሚሠራው ታሪክ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ሳይጠይቅ የሠራው ነው። ስለዚህ ቅር ሲለኝ ሥራዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጥና፣ "እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?" እላታለሁ። አንዳንዴ አትመልስልኝም። ትናንት ግን ቀና ብላ "እናቴ ናፈቀችኝ" አለችኝ፤ ከዚያ እስኪመሽ አወራን።