ወንዶቹ እንሰት መፋቅ የጀመሩበት ዓመት

ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ድንኳን ማጠፍ ነው። የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ለእረፍት ወደየቤታቸው ሄደው ነበር። ሸራውን ሣር ላይ አድርቀን እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ጫፎቹን ያዝን። «አስቴር፣ አትጎትቺኝ፤ ገመድ ጉተታ አይደለም» አለኝ። አልጎተትኩም ብዬ ተከራከርኩት። መጋዘን አስገብተን እራታችንን በላን። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ አልተመለሰም።

አዳዲስ መምህራን የካምፑ ሥራ እንዴት ወንድ ሴት የማይለይ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እሱ ቢኖር እየሳቀ ይነግራቸው ነበር። እኔ ሲሆንልኝ ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ተማሪዎች በድንኳን ያድራሉ፤ ጠዋት እርሻ ላይ ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ይማራሉ። የተቀጠርኩት የካምፕ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ድንኳን፣ ፍራሽና ወጥ ቤት በእኔ ኃላፊነት ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሩ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። እንሰት የሚፋቅበት ያጋደለ ጣውላ፣ የቀርከሃ መፋቂያ፣ ቆጮው የሚቀበርበት ጉድጓድ አሳዩኝ። «ሴቶቹን ታሠለጥኛለሽ» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ሶዶ መሃል ከተማ ያደግኩ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ቆጮ የማውቀው ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ ነው። መፋቂያውን አነሣሁ። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ አንዷ በጨዋ ደንብ «እትዬ፣ በዚያኛው በኩል ነው» አለችኝ። ያን ቀን የሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

ወደ ማታ የእርሻ መምህሩ አገኘኝና «ተማሪዎችሽ ከመቶ ስንት ሰጡሽ?» አለኝ። ደሳለኝ ነው። በኋላ ተጋባን።

እኛ ጋ ሥራ በዕጣ ነው። ሰኞ ጠዋት እያንዳንዱ ድንኳን ዕጣ ያወጣል፤ አንዱ በሬ፣ አንዱ ችግኝ፣ አንዱ ወጥ ቤት ይደርሰዋል። እንሰት መፋቅ ግን ዕጣው ውስጥ አልነበረም። እዚህ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይቆርጣል፤ ሲፋቅ ግን አጠገቡ አይቆምም። የምትፍቅ ሴት አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ የእንሰቱን ቁራጭ በተረከዟ ጣውላው ላይ ይዛ ነው የምትፍቀው፤ ወንድ ሊያያት ነውር ነው።

አንድ ዓመት ሴት ተማሪዎች ጥቂት ሆኑ። በመፋቅ ደክመው ከሰዓት ትምህርት ላይ ያንቀላፉ ጀመር። ደሳለኝ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ቆጮ የሚበላ ሁሉ ይፍቃል» አለና ሥራውን ዕጣ ውስጥ ጨመረው።

የመጀመሪያው ዕጣ ለምህረቱ ድንኳን ደረሰ። ምህረቱ የጉኑኖ ልጅ ነው፤ በሬ ጠምዶ በማረስ የሚስተካከለው አልነበረም። ጓደኞቹ ከሩቅ ሆነው «ምህሬ፣ ቀሚስ እናውስህ?» አሉት። «ቆጮው ሲበስል እንገናኛለን» አላቸውና ተቀመጠ።

ረቡዕ ዕለት አባቱ አቶ አንጁሎ አንድ ጆንያ ስኳር ድንች በሞተር አስጭነው መጡ። ልጃቸውን እግሩን ሰቅሎ ሲፍቅ አገኙት። እኔንም ደሳለኝንም ሰላም አላሉንም። በወላይታቶ «ፍራሽህን አንሣ» አሉት።

«አባ፣ ዕጣ ደርሶኝ ነው።»

«እንድትማር ላኩህ፣ እነሱ ሴት አደረጉህ። ጉኑኖ ሲሰማ ሚስት ማን ይሰጥሃል?»

ምህረቱ የእንሰቱ ውሃ ከእጁ እየተንጠባጠበ ቆመ። ያን ቀን ከሄደ እንደማይመለስ አውቄአለሁ። ከአንድ ሰፈር የመጡት ጓደኞቹም ይከተሉታል። ልከራከር ስል ደሳለኝ በዓይኑ ከለከለኝ።

«አቶ አንጁሎ፣ ምሳ ሳይበሉማ አይሄዱም» ብሎ በርጩማ አቀረበላቸው። ከዚያ ልጁ የጀመረው እንሰት እንዳይጠቁር ብሎ ሱሪውን ጠቀለለና በምህረቱ ቦታ ተቀመጠ። ደሳለኝ እንሰት ከችግኝ እስከ ቆረጣ ያስተምራል፤ ፍቆ ግን አያውቅም። መፋቂያው እየዘለለ ጭማቂውን ፊቱ ላይ ረጨው። መፋቁን ሊያሳዩአቸው የቆሙት ሴት ተማሪዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፊታቸውን አዙረው የተቀመጡት አቶ አንጁሎ ቀስ እያሉ ዞሩ። አያያዙን አዩና መታገሥ አልቻሉም።

«መምህር፣ እግርህን ከፍ አድርግ።»

«እንዲህ?»

«ከፍ! ወደ ታች ሳበው እንጂ አትግፋው። ቃጫውን እኮ እየቆረጥከው ነው።»

ሳቁ ቆመ። ምህረቱ አባቱን ትክ ብሎ አያቸው። «አባ፣ አንተ ይሄን የት አወቅክ?»

አቶ አንጁሎ ጆንያውን ተመለከቱ፤ ከዚያ መሬቱን። «ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ ተኛች። እህት የለኝም» አሉ። «ጓሮ ገብቼ፣ በር ዘግቼ ነበር የምፍቀው። አባቴ ያውቃል፤ አላየሁም ይላል።» «በላን እኮ» ብለው ጨመሩ።

ደሳለኝ አልሳቀም። «እንግዲያው ደህና አስተማሪ አገኘሁ» አለና እግሩን ከፍ አደረገ። እሳቸውም ምሳ እስኪደርስ ከበርጩማቸው ሳይነሱ አረሙት። ስኳር ድንቹን ቀቅለን አብረን በላን። ሲሄዱ «ልጁ ይቆይ። ግን ከመንገድ እንዳይታይ አጥር አድርጉበት» አሉ።

አጥሩን የምህረቱ ድንኳን ልጆች በቀርከሃ ሠሩት። ከጊዜ በኋላ ምስጥ በላውና ወደቀ። መልሶ ያቆመው የለም፤ ያኔ ልጆቹ የሚከራከሩት ከእንሰቱ የተጨመቀው የማን ድንኳን ቡላ ይበልጥ ነጣ በሚለው ላይ ነበር። ምህረቱ ትምህርቱን ጨርሶ ዛሬ ሃላሌ ከተማ የግብርና ባለሙያ ነው። ሚስትም አግኝቷል።

ለአዳዲሶቹ መምህራን የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ወላጅ ተቆጥቶ ሲመጣ አትከራከሩት። ሥራው አጠገብ አስቀምጡትና ምሳ አብሉት።

የደሳለኝን የእርሻ ትምህርት ሌላ መምህር ይዞታል። ወንዶቹን እንሰት መፋቅ የማስተምረው ግን እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንጀምራለን።