በአባቷ ቤት ስንቅ የሳቀች ሙሽራ

ልጅ ሳለሁ፣ ደባርቅ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላቸው ሰው አያቴ ብቻ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ «አባዬ» እንላቸዋለን። ቀኑን በጨርቅ ሱቃቸው ከገበያተኛ ጋር ሲከራከሩ ይውሉና፣ ማታ ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል ከሰሉን ወደ መሃል አስጠግተው፣ ድንች በረመጡ ውስጥ ቀብረው፣ «በሉ ተሰብሰቡ» ይሉናል። ያኔ የስሜን ብርድ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ የሚያርረው የድንች ልጣጭና የኩራዙ ጋዝ ሽታ ተቀላቅሎ፣ እኛ በአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግተን ጅብና ቀበሮ እንጠብቃለን። እሳቸው ግን የሚያመጡልን ያችኑ ሙሽራ ነው።

በዚያች ሙሽራ የተናደድሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጅብ የለበት፣ ንጉሥ የለበት፣ ሰው አይሞትበት! አንዲት ልጅ ከቆላ ወደ ደጋ ትዳራለች። ስትመጣ ጌጧን አውልቀው ጥቂት ብቻ ያስቀሩላታል፤ መንገደኛን ብዙ ጌጥ ያደክመዋልና። ፀሐይ በማይመታት ጥግ አስቀምጠው መጋረጃ ይጋርዱላታል። ውሃም በልክ ነው የሚሰጧት፤ ሲበዛ ያሳምማታል። «ለመድሽ ወይ?» እያለ እጇን የሚጎትት እንዳይኖር አማትየዋ በር ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ አንድ ቀን ሙሽራዋ ትስቃለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ ወይ እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ወይ መብራት ይመጣል። «መጣ!» ብለን ወደ ቴሌቪዥኑ ስንሮጥ አባዬ ድንቻቸውን ከረመጥ እያወጡ ብቻቸውን ይቀራሉ።

አባዬ ካረፉ ቆይቷል። ከደጃፋቸው ግን አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ነበረች፤ እንደ እሷ የሚሸት ጽጌረዳ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ባለፈው ዓመት ቤቱ ክረምቱ ሲወጣ ለመንገድ ይፈርሳል ተባለ። የጽጌረዳዋ ሥር ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ስለገባ ነቅሎ ማዛወር አይታሰብም። ያለው መላ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ቦታ ማብቀል ብቻ ነበር።

እኔ አሁን የምኖረው ዳባት ነው። ቅርንጫፍ እየቆረጥሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልሁ በሚኒባስ ማመላለስ ጀመርሁ። ከአንጓው በታች በሰያፍ መቁረጡን አውቅበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬ ያለኝን ሁሉ አደረግሁ። አንዱ ማር ቀቢው ይላል፤ አንዱ እሬት ይላል፤ አንዱ ደግሞ ጫፉን ድንች ውስጥ ሰክተሽ ቅበሪው ይላል። ቀበርሁት። ድንቹ በቀለ፣ ጽጌረዳው ደረቀ። ባለቤቴ «ድንቹስ ቢሆን ይበላል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሲሞክር የያዝሁትን ሳህን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቅጠል እያወጣ የሚሞተው ነበር። አቆጠቆጠልኝ ብዬ እፈነጥዛለሁ፤ የደፋሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስቼ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ሳይውል ሳያድር ይጠወልጋል። ስነቅለው ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ክብሪት እንጨት ልሙጥ ነው። ደግሞ ቆረጥሁ፣ ደግሞ አቆጠቆጠ፣ ደግሞ ሞተ። ያች ቀበጥ ጽጌረዳ የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

የመጨረሻ ቅርንጫፎቼን ልቆርጥ ደባርቅ የሄድሁ ዕለት የቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶበት ነበር። የአባዬ የመጀመሪያ ልጅ፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ጓሮ ሆነው ዕቃ በገመድ ያስራሉ። ንዴቴን ሁሉ እሳቸው ላይ አወረድሁት።

«እትዬ፣ አባዬ ቅርንጫፍ ሲያበቅሉ እንዴት ነበር የሚያደርጉት? እባክዎ ተረት ሳይሆን ሥራውን ይንገሩኝ!»

«ተረቱ ነዋ ሥራው። ሙሽራይቱን ረሳሻት እንዴ?»

«እስክትስቅ ድረስ ነው የማውቃት። ከዚያ መብራት ይመጣል።»

አክስቴ ገመዱን ለቀው አዩኝ። «አዬ አንቺ ልጅ! ዋናው እኮ ከዚያ ወዲያ ነው። ስትስቅ ባልዮው ለመደችልኝ ብሎ መጋረጃውን ሊገልጥ ተነሣ። እናቱ እጁን ለቀም አርጋ፣ ‹ተው ልጄ! የሳቀችው ባባቷ ቤት ስንቅ ነው፤ የኛን እህል ገና አልቀመሰች› አለችው። እውነትም ስንቁ ሲያልቅባት ክረምቱን ሙሉ አንገቷን ደፋች። ማንም አልነካት። መስከረም ጠብቶ ወንድሟ ሊጠይቃት መጣና፣ ‹እስቲ ነይ እንሂድ› ብሎ እጇን ሳብ ቢያደርጋት፣ ‹አልሄድም፣ ቤት አለኝ› አለችው። ያን ለት መጋረጃው ተነሣ።»

ይህን ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱና ቀና ሳይሉ፣ «ሙሽራይቱ እኮ እናቴ ናት» አሉኝ። «ከቆላ ስትዳር ጽጌረዳዋን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻት እሷ ናት። አባዬ ሌላ ተረት መች ያውቁ ኖሯል?»

ለካ ቅጠሉም የሚወጣው ቅርንጫፉ ከግንዱ ይዞት በመጣው ስንቅ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ቅርንጫፍ የፈጀሁት አንዲት ዓረፍተ ነገር አጥቼ ነው! መብራት በመምጣቱ ተናድጄ የማላውቀው ሴትዮ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት በመጣ መብራት ላይ ስነጫነጭ ዳባት ደረስሁ።

ቤቱ ጥቅምት ላይ ፈረሰ፤ ላየው አልሄድሁም። ከቆረጥኋቸው የተረፈችው አንዲት ቅርንጫፍ በዘይት ጀሪካን ቁራጭ ውስጥ፣ ጠርሙስ ተደፍቶባት፣ በጥላ ተቀመጠች። ውርጩ ሲመጣ ጆንያ ደረብሁላት። ቅጠል አወጣች፤ አልፈነጠዝሁም። ቅጠሏ ረገፈ፤ ጣቴን እየበላኝ ዝም አልኋት። ባለቤቴ አንድ ቀን «ሥር ይዛ እንደሆነ እስቲ ልያት» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ የአማትየዋን ያህል ተቆጥቼ መለስሁት።

ከአባዬ ቤት ድንጋይ እንኳን አልቀረልኝም፤ የቀረኝ ያ ጅብ የሌለበት ተረት ነው። ትናንት ጠዋት ጠርሙሱን አነሣሁና ቅርንጫፏን በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ፣ በቀስታ ሳብ አደረግኋት።

አልሄድም አለችኝ።