ኖኤላኒን ስንሰይማት

ልጄ እርጉዝ ናት። ባለፈው እሑድ በስደት በምኖርበት በስትሪትሃም ካለው ቤቴ መጥታ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ በስልኳ የሕፃናት ስም ስትፈልግ ቆየችና፣ «ማሚ፣ ለእኔ የሃዋይ ስም ማውጣት እንዴት መጣልሽ?» አለችኝ። ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ አሳጥሬ ነው የምመልሰው። ለእሷ ግን ከሥሩ ጀመርኩላት።

ከእሷ በፊት አንዲት ሴት ልጅ በጨቅላነቷ ሞታብኛለች። ይህቺን ልጄን ሳረግዝ ታዲያ ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዤ ነበር የምወርደው። ከተወለደችም በኋላ ትንፋሿን ለማዳመጥ ጎንበስ ስል ወገቤ አለቀ። እናቴ ከደሴ ደውላ፣ «ካሳነሽ በያት። እግዜር ክሶሻል» አለችኝ። በእኛ አገር ልጅ ሞቶ የሚተካው ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይባላል። እኔ ራሴ ምትኬ ነኝ፤ ስሜ በተጠራ ቁጥር ያላየሁት ወንድሜ አብሮኝ ይነሣል። ይህን ለልጄ ማውረስ ከበደኝ። እናቴን እምቢ ማለትም ፈራሁ። ስሟን ሪጂስተር የማደርግበት ጊዜ እየቀረበ፣ እኔ «ሚጣ» እያልኩ ከረምኩ።

ከላያችን የምትኖረው ካሌያ የሃዋይ ሰው ነበረች። ምጥ ሲይዘኝ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን በኮኮናት ወተት የረጋ ነጭ ጣፋጭ ይዛልኝ መጣች። አብረን እየበላን፣ «እስቲ ከአገርሽ አንድ ደስ የሚል ስም ስጪኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ሸሚዝ መሰለሽ? አያቴ ብትሰማሽ በነጠላ ጫማ ነበር የምትልሽ። መጀመሪያ የእርግዝናሽን ነገር አውሪኝ።»

አወራኋት። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ለምርመራ ስወጣ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር፤ ከአውቶቡሱ የሚታየው መብራቱ ብቻ ነው። ፊቴ ረጥቦ ፌርማታው ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠች። ለዚያች ቅጽበት ፍርሃቴ ተወኝ።

ካሌያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ኖኤላኒ ናት። የሰማይ ጉም ማለት ነው። ግን እናትሽን ጠይቂ፤ እኔ አያቷ ያልፈቀደችውን ስም አልሰጥም።»

በማግስቱ እየፈራሁ ደወልኩ።

«ጉም?» አለች እናቴ። «ጉም ይጨበጣል እንዴ ልጄ? ካሳነሽ ምን አላት?»

«እማዬ፣ ይቺ የማንም ካሳ አይደለችም። ለራሷ ነው የመጣችው። እኔም እኮ ለራሴ ነበር የመጣሁት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ለካስ እያለቀሰች ነው።

«በይ ቀስ ብለሽ በይልኝ፤ ምላሴ ይልመደው» አለች በመጨረሻ። እኔን እየተከተለች ስሙን አለችው። ሁለተኛውን ጊዜ እየሳቀች ነበር።

ታሪኩን ስጨርስላት ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ነበር። ያኔ ስሙን ሳወጣ ሕፃኗን ከሞት ጥላ ማውጣቴ ብቻ ነበር የታየኝ። አሁን ሳስበው፣ ለሞተችውም ቦታዋን ትቼላታለሁ፤ ማንም አልተካትም።

«የመጀመሪያዋስ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳት።