ኪሎ ሜትር የምትቆጥር ብስክሌት

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንዲት ነጥብ አይዘልም። ስለዚህ በሰፈራችን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የሚተረጎም ነገር ሲመጣ የምጠራው እኔ ነበርኩ። "እሷ አትጨምርም፣ አትቀንስም" ይሉኛል። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አዲስ አበባን ወደኛ መሬት ያሰፋል በተባለው በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጣቶቹ ከሰበታ ወደ ተፍኪ የሚወስደውን አስፋልት በድንጋይ ዘጉት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ብስክሌት ጋላቢ ልምምዷን ጨርሳ ከተፍኪ በኩል መጣችና ድንጋዩ ጋ ወረደች። ሊያሳልፏት ነበር። ግን መሪው ላይ የታሰረች፣ ክብሪት የምታክል ነገር አዩ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ኪሎ ሜትር ትቆጥራለች" አለች ልጅቷ በየዋህነት።

በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር የሚለካ ሰው ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ነው። መጋረጃ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ እንኳ ሜትሩን ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነበር የሚሄደው። ብስክሌቷን ነጥቀው፣ ልጅቷን ሁላችንም ኦቦ ብቻ ከምንላቸው ሽማግሌ ግቢ አደረሷት። እኔም ተጠራሁ።

"እትዬ፣ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ውድድር አለኝ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ብስክሌቱን ካልሰጡኝ አለቀልኝ።"

ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት። ኦቦ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥያቄ ጀመሩ።

"ስንት ሆናችሁ ነው የምትወዳደሩት?"

"በቡድን ስድስት ነን፣ አባባ።"

"ስድስታችሁም ታሸንፋላችሁ?"

"አንዷ ናት። ሌሎቻችን ከፊቷ ሆነን ንፋስ እንከላከልላታለን። እሷ ከኋላችን ጉልበቷን ትቆጥብና መጨረሻ ላይ ትወጣለች።"

ኦቦ አሰቡበት። "ደቦ ነዋ። ዛሬ ያንቺን እርሻ፣ ነገ የኔን። ያንቺ ተራ መቼ ነው?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "ነገ።"

 ከዚያ ኦቦ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሊያፍሩ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ተርጓሚ ነኝ፣ ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። "ይህን ሁሉ መንገድ ስትጋልቡ ሽንታችሁን የት ትሸናላችሁ? ይላሉ።"

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ተነጋግረን አብረን እንቆማለን። በዚያ ሰዓት ጥሎ መሮጥ ነውር ነው።"

"ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው" አሉ ኦቦ። ወጣቶቹ ግን አልረኩም። "ያቺስ ቆጣሪ?" አለ አንዱ።

እኔም ካላየሁ አላምንም። ቆጣሪዋን አስፈትቼ ለዚያው ለጠያቂው ሰጠሁትና ግቢውን ሦስት ጊዜ በሩጫ አዞርኩት። እያለከለከ ሲመለስ ቆጣሪዋ ዜሮ ላይ ነበረች። መልሰን አስረን ብስክሌቷን ስንገፋት ቁጥሩ ተነሣ።

"ጎማው ሲዞር ብቻ ነው የምትቆጥረው" አልኩ። "ጎማው የረገጠው ደግሞ አስፋልት ነው።"

"አስፋልቱ የመንግሥት ነው፤ ከፈለገ ይለካ" አሉ ኦቦ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። ልጅቷ የራስ ቁሯን አሰረች።

"ቆይ" አሉ ኦቦ። ከዘራቸውን ወደ ጤፍ ማሳቸው ቀሰሩ። "በዳር በዳሩ ገፍታ ትዙርልኝ።"

"ኦቦ፣ አሁን እኮ ትለካለች ተብላ ነው የተያዘችው" አልኳቸው።

"ሌላ ሰው ሲለካብኝ ነው ክፉው። እነዚያ የመንግሥት ለኪዎች መጥተው ይህን ያህል ነው ሲሉኝ፣ የለም፣ ይህን ያህል ነው የምል እኔም ልሁን እንጂ።"

ልጅቷ ሰዓቷን አየች፣ ኦቦን አየች፣ ብስክሌቷን እየገፋች ገለባው ላይ ገባች። እኔ ከኋላ ከኋላ ደብተር ይዤ። በአንዱ ጥግ ጎማው ቦይ ውስጥ ዘሎ ስለገባ እንደገና አስጀመርኳት። የዚያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ስድስት መቶ አርባ ሜትር። ቁጥሩን ጽፌ ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠኋቸው፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ በቅሏቸውን አስጫኑ። ከሰበታ ወዲህ ሌላም ድንጋይ ስላለ፣ እሳቸው ከፊት ካልሄዱ አታልፍም። ኦቦ በበቅሎ፣ ልጅቷ በብስክሌት፣ እኔ በእግሬ ሆነን ተነሣን። በየድንጋዩ ያሉት ልጆች ኦቦን ሲያዩ መንገድ ይለቃሉ። በቅሏ ስለምትዘገይ ልጅቷ እንዳትወድቅ ዚግዛግ ትሄዳለች።

"እትዬ፣ ትንሽ ፈጠን ማለት አይችሉም?" አለችኝ።

ተረጎምኩ። ኦቦ ዞር ሳይሉ፣ "የምታሸንፈዋ ከኋላ ሆና ጉልበቷን ትቆጥባለች አላለችም? ንፋሱን እየተከላከልኩላት ነው። ትቆጥብ" አሉ።

የመጨረሻውን ድንጋይ እንደተሻገርን ልጅቷ እጅ ነሣች፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና በበቅሏ ግራ በኩል ውልብ ብላ አለፈች። በቅሏ ደንግጣ ወደ ጎን አለች። ኦቦ ልጓሙን ስበው እስክትሰወር በዓይናቸው ሸኟት።

"ጻፊ" አሉኝ። "አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ በቅሎዬ።"

ጻፍኩ። ከዚያ በታች፣ በእግሯ የመጣችውን ተርጓሚ ሦስተኛ አደረግኋት።