የዘበኛው ካርድ

ጤና ጣቢያችንን አሥራ አራት ዓመት የወለወለችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ባልዲ» ይላታል። መዝገብ ቤት ስለምሠራ እውነተኛ ስሟን እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ እኔም አላውቀውም ነበር። የምትፈርመው እኛ ዘንድ ሳይሆን ጽዳቱን በኮንትራት የያዘው ድርጅት ዘንድ ነው። ስለዚህ በወረቀት ከሄድን ኮሪደራችንን የሚወለውል ሰው የለም። ኮሪደሩ ግን ንጹሕ ነው።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ሁላችንም ከሕሙማን ክፍል መሸሽ ጀመርን። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፣ ሲስተር ትንፋሿን ውጣ ገብታ ትወጣለች፣ እኔ ካርድ በመስኮት እቀበላለሁ። ወለል ግን ከበር ላይ ተሁኖ አይወለወልም። እትዬ ባልዲ ትገባለች፣ አልጋ ሥር ታጎነብሳለች፣ ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ከድሮም ሳንባዋ የታመመ፣ አንድ ደረጃ ለመውጣት ሦስት ጊዜ የምታርፍ ሴት ናት። ስለዚህ እትዬ ባልዲ በር ላይ ልብሷን ቀይራ፣ በመሐላቸው መጋረጃ ጋርዳ ትተኛለች።

«መጋረጃ ደግሞ ምን ያስጥላል?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምንም። ሌላ ምን አለኝ?» አለችኝ።

በዚያው ዓመት ዘበኛችን ሞቱ። በየሰዉ ግንባር ላይ ሙቀት መለኪያ ሲደግኑ ከርመው አንድ ጠዋት የራሳቸውን ለኩ፤ ደግመው ለኩና መሣሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ሄደው አልጋ ቁጥር አራት ላይ ተኙ። ስምንት ቀን ቆዩ። እኔ አንድም ቀን ገብቼ አልጠየቅኳቸውም። ይህን ስጽፍ አሁንም ይጨንቀኛል።

ሬዲዮው በዚያን ጊዜ ክትባት ተገኘ ይል ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ከሕዝባቸው ቁጥር በላይ እጥፍ አድርገው አስቀድመው ይዘዋል ተባለ። ሰው ያለው ሁለት ክንድ ነው፤ የተረፈውን የት እንደሚወጉት አልተነገረም። እኛ ዘንድ ዘበኛው በሞቱ በሰባተኛው ወር አንድ ካርቶን መጣ፤ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አዲሱ ኃላፊያችን «የሠራተኛ ስም ዝርዝር እስከ ስድስት ሰዓት» አሉኝ። የዘንድሮው የፊርማ መዝገብ ገና ስላልተጠረዘ ካለፈው ዓመት ገለበጥኩ። ሠላሳ ስም፣ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ መልቀሙ እንኳ ትዝ አላለኝም።

አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ አሥር ሰው አግዳሚው ላይ ካልተቀመጠ አይከፈትም። ሁለቱ ብልቃጦች ያለ ችግር አለቁ። ለሦስተኛው ዘጠኝ ሰው ተቀመጠ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ሲስተር የአሥረኛውን ስም ጠራች። የዘበኛው ስም ነበር።

 ሞተዋል ካልን ብልቃጡ ሳይከፈት ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ጣቢያ ሊሄድ ነው። ኃላፊው ከመጡ ሁለት ወራቸው ነው፤ ሰውየውን አያውቋቸውም።

«ይጠበቁ» አሉ።

ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ፣ ዘጠኝ ሰዎች፣ የሞተ ሰው እስኪመጣ ቁጭ አልን።

እትዬ ባልዲ እየወለወለች ከአግዳሚው ደረሰች። «እግር» አለች። ዘጠኛችንም እግራችንን አነሣን።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?»

«ዘበኛውን» አሉ ኃላፊው።

«አይመጡም። አልጋ አራት ላይ ነው የሞቱት። ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ወለሉ ዞርኩ።

«አሥረኛ ሰው እኮ አለ፤ ይቻትና ቆማለች» አለች ሲስተር።

«ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይከተብም። ትእዛዝ ነው።»

«ዘበኛው ግን ዝርዝሩ ላይ አሉ።»

«ሞተዋል እየተባለ?»

«ቢሞቱም አሉ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «በመዝገብ ሞተዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ተነሥቼ ሄጄ አየሁ። ሞታቸውን ማንም አልጻፈም፤ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «በመዝገብ አልሞቱም» አልኩ።

«እንግዲያው ይከተቡ።»

እትዬ ባልዲ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን ታጠበች። ከመቀመጧ በፊት ሲስተርን «የሌላ ሰው ድርሻ ነው እንዴ?» አለቻት። «የማንም አይደለም» አለች ሲስተር። ብልቃጡ ተከፈተ። ካርዱን ሞላሁ፦ የዘበኛው ስም፣ ጾታ ወንድ፣ ዕድሜ ስድሳ አንድ። ማህተም ግን አልመታሁበትም፤ ፈራሁ። ካርዱን ስሰጣት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ አፈርኩ። ለሁለተኛው ዙርም በዘበኛው ስም ተጠርታ ያለምንም ቅሬታ «አቤት» አለች።

ዓመት ሲሞላው ካርቶኑ በዝቶ ክትባቱ ሰው መፈለግ ጀመረ። ዝርዝር ቀረ። እትዬ ባልዲ እህቷን ደግፋ አመጣቻት፤ ከበሩ እስከ አግዳሚው ሁለት ጊዜ አርፈው ደረሱ። እህትየው ተከተበች። «መጋረጃውንስ?» አልኳት እትዬን። «እኔ የተከተብኩ ዕለት ማታ አጠብኩት። አሁን መስኮት ላይ ነው» አለችኝ።

ደስ ስላለኝ የድሮ ጥፋቴን ላርም ተነሣሁ። አዲስ ካርድ አውጥቼ፣ በአሥራ አምስተኛው ዓመቷ፣ ስሟን ጠየቅኳት። ነገረችኝ፤ ጻፍኩ፤ ማህተም መታሁና ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አሮጌውን አምጪው እንቅደደው። ስህተት ነው» አልኳት።

አወጣችው ግን አልለቀቀችውም። በላስቲክ ጠቅልላው ኖሯል።

«አይቀደድም» አለች። «በመጨረሻው ቀን ለዘበኛው ውሃ ስሰጣቸው፣ ‹ክትባቱ መቼ ይመጣል ይላሉ?› ብለው ጠየቁኝ። ‹ለእርስዎም ነገ ይመጣል› አልኳቸው። ምን ልበላቸው? ይቀመጥ። ውሸት እንዳይሆንብኝ።»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ካርዱን ከእጇ ተቀብዬ፣ በዘበኛው ስም ላይ ማህተሙን መታሁና መለስኩላት።